የአንደኛ ዓመት ዶርም ምርጫ፦ ፎርሙን ከመሙላቴ በፊት ምን ልመልከት?

አዲስ ገቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ መግባቴ ነው፤ የዶርም ፎርም ተልኮልኛል። ከአራት ዓይነት ማደሪያ ሦስቱን በቅደም ተከተል ምረጡ ይላል።

ሀ. ለሁለት ሰው የሚሆን ክፍል። ሻወርና ሽንት ቤቱ ኮሪደሩ ላይ፣ የጋራ ነው። እስከ መማሪያ ክፍሎቹ 5 ደቂቃ የእግር መንገድ።
ለ. አራት ሰው የሚጋራው ቤት። ለየራስ ጠባብ መኝታ አለው፤ ሻወር፣ ወጥ ቤትና ሳሎን አንድ አንድ ናቸው። 15 ደቂቃ።
ሐ. ለብቻ የሚያዝ፣ የራሱ ሻወር ያለው ክፍል። ግቢው ጫፍ ላይ ነው፣ 20 ደቂቃ። ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል።
መ. ለሦስት ሰው፣ አንዱ አልጋ ተደራራቢ። ቦታው ከሀ ጎን ነው፤ ከሁሉም ይረክሳል።

እንቅልፌ ስስ ነው፤ በር ሲዘጋ እነቃለሁ። ማጥናት የሚሆንልኝ ደግሞ ማታ ነው። ሕንፃዎቹን ሄጄ የማየት ዕድል የለኝም፤ በእጄ ያለው ፎቶና የፎቅ ፕላን ብቻ ነው። ምርጫዬን በምን ላይ ልመሥርት? ቢሮውንስ ምን ብዬ ልጠይቅ?


መዝገብ ቤት

እህቴ፣ የትኛው ክፍል ይሻላል ከሚለው በፊት ፎርሙ እንዴት እንደሚደለደል እወቂ። ጥሩ ምርጫ ያላቸው ብዙ ተማሪዎች ያልፈለጉት ቦታ የሚደርሳቸው እዚህ ጋ ነው። ድልድሉ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ በአንዱ ይሠራል።

አንደኛው ቀድሞ የሞላ ቀድሞ ያገኛል የሚለው ነው። እዚህ ቅደም ተከተሉን ከማሰላሰል ይልቅ ሰዓቱ ይወስናል። ጉርድ ፎቶሽን፣ የተማሪ ቁጥርሽን፣ የመያዣውን ክፍያ አዘጋጅተሽ ፎርሙ በተከፈተ ሰዓት ግቢ። የሚበላሸው ይኼ ነው፦ ተማሪው ፎርሙን «አስቀምጥ» ብሎ ይወጣል፤ «ላክ» አላለም፣ ወይም መያዣውን አልከፈለም። ብዙ ሲስተሞች የሰዓት ማህተሙን የሚመቱት ክፍያውና ፊርማው ሲሟላ እንጂ ፎርሙ ሲጀመር አይደለም። የማረጋገጫ መልእክት ካልደረሰሽ አልተመዘገብሽም ብለሽ ያዢ።

ሁለተኛው ዕጣ ነው። ለሁሉም ተማሪ ቁጥር ይወጣል፤ ከዚያ በቁጥሩ ተራ እያንዳንዱ ከዘረዘራቸው ውስጥ እስካሁን ክፍት የሆነውን፣ ከላይ ያስቀመጠውን ያገኛል። በዚህ አሠራር ብልጠት አይጠቅምም፤ እውነተኛ ምርጫሽን በእውነተኛ ቅደም ተከተሉ ጻፊ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለ፦ የሚሞላው ቦታ ሦስት ብቻ ስለሆነ ሦስቱንም ተፈላጊ ሕንፃዎች ካደረግሽና ቁጥርሽ ወደ ኋላ ከሆነ ሦስቱም ያልቃሉ፤ ያኔ ቢሮው በተረፈው ያስገባሻል። ስለዚህ ሦስተኛዋ መስመር ላይ ብዙ ቦታ ያለውን፣ ልትኖሪበት የምትችይውን አስቀምጪ።

ሦስተኛው አሠራር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። መጀመሪያ የሁሉም ተማሪ አንደኛ ምርጫ ብቻ ይታያል፤ እሱ ካለቀ በኋላ ነው በተረፈው ክፍል ወደ ሁለተኛ ምርጫ የሚኬደው። ለምሳሌ ሀ 100 ቦታ ኖሮት 180 ሰው አንደኛ ቢያደርገው 80 ሰው ይወድቃል። ለ ደግሞ 60 ቦታ ኖሮት 60 ሰው አንደኛ ካደረገው በመጀመሪያው ዙር ሞልቷል። ስለዚህ ከ80ዎቹ ለን ሁለተኛ ያደረጉት ሁሉ ሁለተኛ ምርጫቸው ባዶ ወረቀት ሆነ ማለት ነው፤ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ይወርዳሉ። በዚህ አሠራር ሁለተኛ ቦታ ላይ የሚቀመጠው ብዙም የማይሻሙበት ሕንፃ ነው። አንደኛ ምርጫም ቢሆን እጅግ የምትወጂውን ሳይሆን የምትወጂውንና የማግኘት ዕድል ያለሽን ብታደርጊ ይሻላል።

የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቢሮውን «ድልድሉ እንዴት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ «እንደ ፍላጎታችሁ ነው» የሚል መልስ ነው የሚመጣው። እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ «አንደኛ ምርጫዬን ካላገኘሁ፣ ሁለተኛ ያደረግሁት ሕንፃ ላይ የምወዳደረው እሱን አንደኛ ካደረጉት ጋር እኩል ነው ወይስ ከእነሱ በኋላ?» ቀጥለሽም «ባለፈው ዓመት እያንዳንዱ ሕንፃ ለአንደኛ ዓመት ስንት ቦታ ነበረው፣ ስንት ሰውስ አንደኛ አደረገው?» በይ። ቁጥሩን ብዙ ቢሮዎች ይሰጣሉ፤ የሚጠይቃቸው ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው የማይለጥፉት።

በመጨረሻ፣ መስመር ባዶ አትተዪ። አንዳንዱ ሰው «ሀን ሦስት ጊዜ ብጽፍ የግድ ይሰጡኛል» ብሎ ያስባል። ሲስተሙ የሚያነበው አንድ ምርጫና ሁለት ባዶ መስመር አድርጎ ነው። የጤና ጉዳይ ካለሽ ደግሞ (አስም፣ የመንቀሳቀስ ችግር፣ በሐኪም የተረጋገጠ የእንቅልፍ ሕመም) በምርጫ ፎርሙ ላይ አይደለም የሚጻፈው። የራሱ ማመልከቻ አለው፣ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ማብቂያ ቀኑም ብዙ ጊዜ ከዋናው ፎርም ይቀድማል።


ሦስተኛ ፎቅ

መዝገብ ቤት ስለ ድልድሉ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ሕንፃው ልጨምር። ፎቶ የሚያሳየው ቀለምና የቤት ዕቃ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከሁሉም ነገር ያነሰ ለውጥ የሚያመጡት ናቸው። የፎቅ ፕላኑ ነው ሀብትሽ፣ እሱን አንብቢ።

ከድምፁ ልጀምር፣ ላንቺ ዋናው እሱ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው የድምፅ መመሪያ መኝታ ክፍል ውስጥ የማያቋርጥ ድምፅ ከ30 ዴሲቤል፣ ድንገተኛው ደግሞ ከ45 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። በአንድ ሜትር ርቀት የሚደረግ ተራ ወሬ 60 አካባቢ ነው። ስለዚህ ኮሪደር ላይ ቆመው የሚያወሩ ሁለት ሰዎችና በስስ በር የተዘጋ ክፍል ካሉ እንቅልፍሽ የለም። ፕላኑ ላይ አምስት ነገሮችን ፈልጊ፦ ሊፍቱን፣ ደረጃውን፣ የጋራ ሻወሩን፣ ሳሎኑን ወይም ቲቪ ክፍሉን፣ የልብስ ማጠቢያውን ክፍል። የአልጋሽ ራስጌ ከነዚህ ከአንዳቸው ጋር ግድግዳ ከተጋራ ያ ክፍል ላንቺ አይሆንም። ከጎን ብቻ ሳይሆን ከላይና ከታች ያለውንም ፎቅ አብረሽ እይ፤ ከመኝታሽ በላይ ያለ ሻወር ውሃው በቧንቧ ሲወርድ ይሰማል። የደረጃው በር ለእሳት መከላከያ ሲባል ራሱን የሚዘጋ ነው፤ ሰው ባለፈ ቁጥር ይጮኻል፣ አስረሽ ክፍት ልትተዪውም አትችይም፣ የተሠራው ጭስ እንዳያልፍ ነውና። ከደረጃውና ከሻወሩ ቢያንስ ሦስት በር የራቀ ክፍል ጠይቂ። የጆሮ መድፈኛ ወሬን በደንብ ይቀንሳል፤ ከታች ፎቅ የሚመጣን የሙዚቃ ጉምጉምታ ግን ብዙም አይከለክልም፣ እሱ የሚመጣው በወለሉና በግድግዳው ነው።

ሻወሩን በቁጥር ያዢው። «የጋራ ነው» የሚለው ምንም አይነግርም፤ ለአንድ ሻወር ስንት ሰው ነው? ስድስት ሰው በ10 በ10 ደቂቃ አንድ ሙሉ ሰዓት ነው። ሁሉም ጠዋት 2 ሰዓት ክላስ ካለው ሰልፉ 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል ማለት ነው። የለ ዓይነቱ ቤት አራት ሰው በአንድ ሻወር ስለሆነ በቁጥር የተሻለ ይመስላል፤ ግን ሽንት ቤቱ እዚያው ሻወሩ ክፍል ውስጥ ከሆነ አንድ ሰው ሲታጠብ ሦስቱ ይጠብቃሉ። ይኼንን ከፕላኑ ማየት ትችያለሽ። ሌላ ብዙ ሰው የማይጠይቀው ነገር አለ፦ የኮሪደር ሻወርን የሚያጸዳው ሠራተኛ ነው፤ የአራት ሰው ቤትን ሻወር የምታጸዱት አብዛኛውን ጊዜ እናንተው ናችሁ። በለ ዓይነት ቤቶች ጠብ የሚጀመረው ከዚያና ከወጥ ቤቱ ሲንክ ነው።

ርቀቱንም በቀን አስቢው። ሰው በደቂቃ 80 ሜትር ገደማ ይራመዳል። 15 ደቂቃ በቀን አራት ጊዜ ከተመላለስሽ አንድ ሰዓት ሄደ፤ በ5 ደቂቃው ሕንፃ 20 ደቂቃ ብቻ ነው። በሁለት ክላስ መሃል የአንድ ሰዓት ክፍተት ሲኖርሽ ከቅርቡ ዶርም ደርሰሽ አርፈሽ ትመለሻለሽ፤ ከሐ ዓይነቱ 40 ደቂቃው በመንገድ ያልቃል። ማታ ላይብረሪ የምታጠኚ ከሆነ መንገዱ መብራት እንዳለውም ጠይቂ።

ፎቁን በተመለከተ፣ ምድር ቤት መስኮቱ ከመንገድ ይታያል፣ እርጥበትም ያጠቃዋል። የመጨረሻው ፎቅ በፀሐይ ሰዓት ጣሪያው ይግላል፣ የውሃ ግፊቱም ይቀንሳል፤ ውሃ 10 ሜትር በወጣ ቁጥር 1 ባር ገደማ ያጣል። ውሃው ከጣሪያ ታንከር የሚወርድ ከሆነም ለታንከሩ የቀረበው የላይኛው ፎቅ ነው ግፊቱ ደካማ የሚሆነው። ግፊት የሚጨምር ፓምፕ አለ ካሉሽ ግን አትስጊ። ምርጫ ካለሽ መካከለኛውን ውሰጂ።

ስለ ኤሌክትሪክ አጭር ነገር። በ220 ቮልት 10 አምፔር ብሬከር የሚሸከመው 2,200 ዋት ገደማ ነው፤ አንድ የውሃ ማፍያ ብቻውን ወደ 2,000 ይደርሳል። ብሬከሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለሁለትና ሦስት ክፍል በጋራ ነው። በ120 ቮልት በሚሠራበት ቦታ 15 አምፔሩ 1,800 ዋት ብቻ ነው የሚሰጥሽ፣ አንድ ፀጉር ማድረቂያ ይጨርሰዋል። ኤክስቴንሽን ላይ ኤክስቴንሽን መሰካት በብዙ ዶርሞች የተከለከለው ገመዱ ስለሚግል ነው። ከአልጋሽና ከጠረጴዛሽ አጠገብ ስንት ሶኬት እንዳለ ከመግባትሽ በፊት ጠይቂና አንድ ረጅም፣ የራሱ ማጥፊያና ፊውዝ ያለው ማከፋፈያ ያዢ።

ፍርዴ፦ ላንቺ ለ አንደኛ፣ ሀ ሁለተኛ። የራስሽ በር ያለው መኝታ ለስስ እንቅልፍ የሚተካ የለውም።


ፕሮክተር

በመጨረሻው አልስማማም። ለን አንደኛ ከማድረግሽ በፊት በትንንሾቹ መኝታዎች መካከል ያለው ግድግዳ ብሎኬት ነው ወይስ ጂፕሰም ቦርድ ብለሽ ጠይቂ። አንድን ሰፊ ቤት በስስ ቦርድ ከፋፍለው አራት መኝታ ያወጡባቸው ሕንፃዎች ብዙ ናቸው። እንዲህ ከሆነ የጎረቤትሽን ስልክ ትሰሚያለሽ፤ ዶርም ሜት ብትሆን ግን «ውጪ አውሪ» ትያታለሽ፣ በግድግዳ በኩል ግን ትክክል መስሏት ትቀጥላለች። ሀ ውስጥ መስማማት ያለብሽ ከአንድ ሰው ጋር ነው፣ ለ ውስጥ ከሦስት። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ ግን ሦስተኛ ፎቅ ያለው ይሁን።

ሐን በጣም ጠንቃቃ ሆነሽ እዪው። ለአንደኛ ዓመት ሰው ማወቅ የትምህርቱ ግማሽ ነው፤ ያመለጠሽን ሌክቸር የምትጠይቂው፣ ፈተናው ቦታው ተቀይሯል የምትልሽ፣ ስትታመሚ በር የምታንኳኳው ጎረቤት ነች። ግቢ ጫፍ ላይ በሯን ዘግታ የምትኖር ተማሪ እስከ ሁለተኛው ሴሚስተር የማንንም ስም ላታውቅ ትችላለች። ሐ የሚመረጥ ከሆነ ቢያንስ በየፎቁ የጋራ ወጥ ቤት ወይም ማጥኛ ክፍል ይኑረው።

መ ላይ አንድ ነገር፦ ተደራራቢ አልጋ ላይ ቀና ብሎ ለመቀመጥ ከፍራሹ እስከ ጣሪያ ወይም እስከ ላይኛው አልጋ 90 ሴንቲሜትር ያህል ያስፈልጋል። ከዚያ ካነሰ አልጋው ላይ ማንበብ የለም። የላይኛው አልጋ መከለያ ብረት ከሌለውም እንዲገጠም የመጠየቅ መብት አለሽ።


አዲስ ገቢ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ይኼን ያህል አልጠበቅሁም። ግድግዳውን ጠይቄያለሁ፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፎርሙ ስለ ዶርም ሜትም ይጠይቃል። የመኝታ ሰዓት፣ ንጽሕና ከ1 እስከ 5፣ እንግዳ ታበዢያለሽ ወይ፣ የመሳሰሉት። ከትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋር መሆን እንደምችልም ይላል። ምን ብዬ ልሙላ?


ፕሮክተር

እንደምትኖሪው ሙዪ፤ እንደምትመኚው አይሁን። «ከዘንድሮ ጀምሬ በጊዜ እተኛለሁ» ብሎ 4 ሰዓት የጻፈና ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ የሚነቃ ሰው በትክክል በጊዜ ከሚተኛ ሰው ጋር ይገጥማል፤ ሁለቱም ይጎዳሉ። ወላጆች አጠገብ ተቀምጠው ሲሞላም እንዲሁ ነው የሚሆነው፤ ብቻሽን ሙዪው።

የንጽሕናው ቁጥር ብዙ አያገለግልም፤ የአንዱ 4 የሌላው 2 ነው። ነፃ መጻፊያ ቦታ ካለ እዚያ ድርጊት ጻፊ፦ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ መብራትና ስልክ ያስቸግሩኛል፤ እስከዚያ ግን በጠረጴዛ መብራት አጠናለሁ።» አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአሥር ቁጥር ትበልጣለች።

ጓደኛሽን በተመለከተ፣ ጥያቄው የሚሠራው ሁለታችሁም ስትጠያየቁ ነው። አንዷ ብቻ ከጻፈች ወይም የሕንፃ ቅደም ተከተላችሁ ከተለያየ ብዙ ሲስተም ጥያቄውን ዝም ብሎ ይጥለዋል። የተማሪ ቁጥሯን እንጂ የቤት ስሟን አትጻፊ። ግን ጓደኝነትና አብሮ መኖር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የምትተኛበትን ሰዓት ካላወቅሽ፣ ከጓደኛሽ ጋር በአንድ ሕንፃ ሆናችሁ በሌላ ክፍል መሆን ይሻላል።

ማንም ትግጠምሽ ማን በመጀመሪያው ሳምንት ተነጋግራችሁ ወረቀት ላይ አስፍሩ፦ መብራት የሚጠፋበት ሰዓት፣ አላርም ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም፣ እንግዳ ከመምጣቱ ስንት ሰዓት በፊት እንደሚነገር፣ እንግዳ ማደር ይችል እንደሆነ፣ ምን በጋራ ምን በግል እንደሆነ፣ መስኮቱ ሌሊት ክፍት ይሁን ዝግ፣ ወለሉ በማን ተራ እንደሚጸዳ። አላርሙን እንደ ቀላል አትዪው፤ የአንዷ በየ5 ደቂቃው የሚደጋገም አላርም የሌላዋን የአንድ ሰዓት እንቅልፍ ይበላል። ይህ ጉዳይ ከተጣላችሁ በኋላ ሲነሳ ክስ ይሆናል፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሲነሳ ግን ወሬ ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የክፍል ለውጥ አይፈቅዱም፤ ከዚያም በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ «ተነጋግራችሁ ነበር?» ብለው ነው፤ ወረቀቷ ያኔ ታገለግልሻለች።

ማታ የምታጠኚ ስለሆንሽ ሕንፃው ውስጥ ማጥኛ ክፍል እንዳለና ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠይቂ። ሌሊቱን ክፍት ከሆነ ሀ ላንቺ በጣም ይሻሻላል፤ ክፍሉ ለእንቅልፍ ብቻ ይሆናልና።


ውል አንባቢ

ዋጋን በተመለከተ ማንም ያላነሳው አለ። የወር ክፍያን ከወር ክፍያ ጋር አታወዳድሪ፤ ውሎቹ የተለያየ ርዝመት አላቸው። ጠቅላላውን ክፍያ በሌሊት አካፍዪ። የ40 ሳምንት ውል 280 ሌሊት ነው፣ የ51 ሳምንቱ 357። በሳምንት ርካሽ የመሰለው ባለ 51 ሳምንት ክፍል፣ ክረምቱን የማትኖሪበት ከሆነ ለ11 ሳምንት ባዶ ክፍል ያስከፍልሻል። በተቃራኒው አጭሩ ውል በእረፍት ጊዜ ሕንፃውን ሊዘጋው ይችላል፤ ያኔ ዕቃሽ እዚያው ይቆያል ወይስ ታወጫለሽ ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ላይ መብራት፣ ውሃ፣ ኢንተርኔት፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ክፍያ፣ የግዴታ የምግብ ክፍያ ካለ ደምሪ። ለ ወጥ ቤት አለው ማለት የካፌ ክፍያ ይቀራል ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ቦታ አንደኛ ዓመት ሁሉ በግዴታ ይከፍላል፣ ያኔ ለወጥ ቤቱ ሁለቴ እየከፈልሽ ነው።

ውሉ ውስጥ ሦስት አንቀጽ ፈልጊ። አንድ፣ እስከ መቼ ድረስ ብትሰርዢ መያዣሽ ይመለሳል። ሁለት፣ ኃላፊነቱ የግል ነው ወይስ የጋራ፤ የጋራ ከሆነ ከአራታችሁ አንዷ ጥላ ብትወጣ የሷን ድርሻ ሦስታችሁ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ሦስት፣ ሳሎኑና ወጥ ቤቱ ላይ ለሚደርስ ጉዳት፣ ማን እንደሰበረው ካልታወቀ ለሁሉም ይከፋፈላል ወይ።

ቁልፍ የተቀበልሽ ቀን ሻንጣሽን ከመፍታትሽ በፊት ፎቶ አንሺ፦ ፍራሹን በሁለቱም በኩል፣ ግድግዳውን፣ የመስኮቱን መቆለፊያ፣ የመሳቢያዎቹን ውስጥ፣ የጠረጴዛውን ገጽ፣ ሻወሩን። በዚያው ቀን ለቢሮው በኢሜይል ላኪ፤ ስልክሽ ላይ የቀረ ፎቶ ቀኑን ማስረዳት ያስቸግራል። ፍራሹን ስትገለብጪ ስፌቱንና ጥጉን በስልክ መብራት እዪ፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለ የትኋን ምልክት ሊሆን ይችላል። ያደገ ትኋን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር ስለሆነ በዓይን ይታያል። ካየሽ ፍራሹን ወደ ኮሪደር አታውጪው፣ ራስሽም መድኃኒት አትርጪ፤ ሁለቱም ወደ ጎረቤት ክፍል ያሰራጩታል። ሻንጣሽን እንደተዘጋ ይዘሽ ወጥተሽ ቢሮውን ጥሪ። የነካው ልብስ በ60 ዲግሪ ይታጠባል።


ነጭ ጋዋን

ከሕንፃው ውጪ አንድ ነገር፦ ዶርም የሚኖሩ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ለባክቴሪያ ማጅራት ገትር የተጋላጭነታቸው መጠን ከእኩዮቻቸው ከፍ ያለ ነው፤ ብዙ አዲስ ሰው በአንድ ጊዜ ተጠጋግቶ መኖር ስለሚጀምር ነው። በርካታ አገሮች ከመግባት በፊት ኤሲደብልዩዋይ የተባለውን ክትባት ይመክራሉ። ሰውነት መከላከያውን ለማዘጋጀት ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚፈልግ ከመግቢያሽ ዋዜማ አታድርጊው። ድንገተኛ ትኩሳት ከከባድ ራስ ምታትና ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ፣ ወይም ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታ ከታየ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቤት ነው።

ሻጋታንም አትናቂ። ክፍሉ ውስጥ ልብስ እያሰጣሽ መስኮት ከዘጋሽ እርጥበቱ ከ60 በመቶ ያልፋል፤ ሻጋታ የሚወደው እሱን ነው። አልጋና ቁም ሳጥኑን ከውጪ ግድግዳ 5 ወይም 10 ሴንቲሜትር አርቂ፣ አየር ይዞርበት።


ሦስተኛ ፎቅ

ፕሮክተር፣ የጂፕሰሙ ነገር ትክክል ነው፤ መልሱ ቦርድ ከሆነ ሀን ወደ አንደኛ አምጪው፣ ማጥኛ ክፍሉ ሌሊት ክፍት መሆኑን አረጋግጠሽ። እህቴ፣ አንሶላ ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ የፍራሹን ልክ ጠይቂ። የዶርም ፍራሽ በአንዳንዱ ቦታ 190 ሴንቲሜትር ነው፣ በአንዳንዱ 203፤ በአጭሩ የተሰፋ አንሶላ ረጅሙን ፍራሽ አይሸፍንም፣ ሌሊት ከጥጉ እየተላቀቀ ይሰበሰባል። ከአልጋው ሥር ያለውን ከፍታም አብረሽ ጠይቂ፤ ሻንጣሽ የሚገባው እዚያ ነው።